ከጎዳና የተነሣ ውሻና የርቀት ጉዳይ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ

በደብረ ብርሃን የፋሲካ ማግስት ማለዳ ሥጋ ቤቶች በሚበዙበት መንገድ የሚያልፍ ሰው የውሾች ጠብ ሳያይ አይመለስም። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ዝግ በመሆናቸው በየደጃፋቸው ይጣል የነበረው አጥንትና ትራፊ ይቋረጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በደረቅ እንጀራና በቆሻሻ ክምር የከረሙት ውሾች የበዓሉ እርድ ተጀምሮ የሆድ ዕቃና ቁርጥራጭ በየጥጉ ሲወድቅ ከየሰፈራቸው መጥተው በአንድ ጠባብ ቦታ ይታጨቃሉ፤ በሌላ ጊዜ በሩቁ ተያይተው ይተላለፉ የነበሩትም አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። ጠቡን የሚያስነሣው የውሾቹ ክፋት አይደለም። ምግቡ በድንገት መብዛቱና በመካከላቸው የነበረው ርቀት መጥፋቱ ነው። ከእነዚህ ውሾች አንዱን አንሥቶ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያስተውል መልካም ነው፤ ወደ ቤቱ የሚገባው እንስሳ ስለ ሌሎች ውሾች ብዙ የተማረና የተማረውንም ያልረሳ ነውና።

ባለቤት አልባ ውሻን ከመንገድ አንሥቶ ማሳደግ በሰሜን ሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። በገጠር ቡችላ ከጎረቤት ይወሰዳል፤ በከተማ ደግሞ ከግንባታ ቦታ ወይም ከቱቦ ሥር ይገኛል። ሰው ቤቱን ትቶ ለመሸሽ በተገደደባቸው ክፉ ወቅቶችም ውሻው ከኋላ ይቀራል፤ ጌታውን ሲጠብቅ ሰንብቶ በመጨረሻ የማንም ይሆናል። እንዲህ ያለውን ውሻ ያስገቡ ቤተሰቦች ከወራት በኋላ የሚያሰሙት አቤቱታ ግን ተመሳሳይ ነው፤ «ቤት ውስጥ በግ ነው፤ ውጭ ወጥቶ ሌላ ውሻ ሲያይ ግን የሚይዘው የለም» ይላሉ። አንዳንዶቹም «ጎዳና ላይ ሳለ እንዲህ አልነበረም፤ እኛ ካበላነው በኋላ ባሰበት» በማለት ይገረማሉ።

ይህ ሁለተኛው አስተያየት ትክክለኛ ትዝብት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሊብራራ ይገባዋል። ጎዳና ላይ የሚኖር ውሻ ከሌሎች ውሾች ጋር የሚገናኝበትን ርቀት ራሱ ይመርጣል። የማያውቀው ውሻ ሲመጣ መንገዱን ያጠማዝዛል፣ ፊቱን ያዞራል፣ አጥር ሥር ይገባል፣ ካልሆነም ይሸሻል። አብዛኛው የውሾች ግንኙነት ያለ ንክሻ የሚያልፈው በዚህ ነጻነት ነው። ውሻው ቤት ሲገባ ምግብና መጠለያ ያገኛል፤ በአንገቱ ገመድ ስለሚገባና በር ስለሚዘጋበት ግን መሸሽን ያጣል። መሸሽ የተከለከለ ፍርሃት ደግሞ የሚቀረው አንድ መንገድ ወደ ፊት መወርወር ነው። ውሻው ሲጮህና ሲወረወር ሌላው ውሻ ይርቃል፣ ወይም ባለቤቱ ጎትቶ ይወስደዋል፤ በሁለቱም መንገድ የፈራው ነገር ከፊቱ ስለሚጠፋ ጩኸቱ እንደሠራለት ይማራል። በሳምንቱ ቀድሞ ይጮሃል፣ በወሩ ከዚያም ቀድሞ።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ውሻውን በመቅጣት ሳይሆን የተወሰደበትን ርቀት በመመለስ ነው ብዬ አምናለሁ። ግቡም ውሻው ያገኘውን ውሻ ሁሉ እንዲወድ ማድረግ አይደለም። ቡችላ ከሌሎች ፍጥረታት ጋር መኖርን በይበልጥ የሚማረው በግምት ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ዕድሜው ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ወቅት የተጎዳ ወይም ብቻውን ያደገ ውሻ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ውሻ አይወድም። ሰውስ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ መች ያቅፋል? ውሻው ሌላውን አይቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ከባለቤቱ ጋር ማለፍ ከቻለ ይበቃል።

ርቀትን ለመመለስ በቅድሚያ የውሻውን አካል ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጨረሻውን ምልክት፣ ማለትም ጥርስ ማሳየትንና መጮህን ነው። ከዚያ በፊት ግን ውሻው ብዙ ተናግሯል፦ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያፋሽጋል፤ ፊቱን ያዞርና ዓይኑን ግን ከሌላው ውሻ ላይ አይነቅልም፤ ሰውነቱ ይደርቃል፤ አፉ ይገጥማል፤ የጀርባው ጠጉር ይቆማል። ጭራ መወዛወዝም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመና በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጭራ ውጥረትን ይናገራል፣ ልልና ሰፊ ሆኖ ከወገብ ጋር የሚወዛወዘው ደግሞ ሰላምን። ጨዋታ የሚፈልግ ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ዝቅ፣ ኋላውን ከፍ ያደርጋል። ሰላም የሚፈልጉ ውሾች ፊት ለፊት አይገጣጠሙም፤ በጎን ዞረው፣ ቅስት ሠርተው ይጠጋሉ። እዚህ ላይ የማልፈው የማይመስለኝ ነገር አለ፤ አንዳንድ ቦታ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን በሚል ጆሮው ይቆረጣል። ጆሮ ለውሻ መነጋገሪያው ነው። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ፈርቶ ወደ ኋላ ቢያጥፈው እንኳ ሌላው ውሻ አያነብለትም፤ እኛም አናነብለትም። ይህ ለእንስሳው ሥቃይ፣ ለባለቤቱም ያልታሰበ ጠብ ነው።

ከሁለት ክረምት በፊት በበሬሳ ወንዝ ዳር ካገኘኋት በኋላ በመልኳ ዳማ ያልኳት ውሻ ይህን ሁሉ አስተምራኛለች። መጀመሪያ ስወስዳት ሌላ ውሻ በስልሳ እርምጃ ርቀት ሲታያት ትደርቅ ነበር፤ በአርባ እርምጃ ላይ መጮህ ትጀምራለች፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን ብትጠራት፣ ሥጋ ብታሳያት አትሰማም። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ሃያ እርምጃ የሥራ ቦታችን ሆነ። ሌላውን ውሻ እያየች ነገር ግን ገና መብላት በምትችልበት ርቀት ላይ ቆመን፣ ውሻው በታየ ቁጥር የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ እሰጣት ነበር፤ ውሻው ሲሰወር ሳንባውም ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ቢመስልም እጅግ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ውሻው ይታያል፣ ቀጥሎ ምግቡ ይመጣል። ተገልብጦ ምግቡ ከቀደመ ሳንባው ራሱ የክፉ ነገር ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ምራቅ የሚያስመጣው ምግቡ ብቻ ሳይሆን ምግቡን የሚያበስረው ምልክትም መሆኑን ያሳየው በውሾች ነው፤ እኛ የምናደርገውም ያስፈራ የነበረውን ውሻ የሳንባ አብሳሪ ማድረግ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የዳማ መጮኺያ ከአርባ ወደ ሃያ አምስት እርምጃ ወረደ። አንድ ቀን ሌላ ውሻ አይታ ከመድረቅ ይልቅ ዘወር ብላ ፊቴን ስታየኝ፣ ሳንባዋን እየጠየቀች መሆኑ ገባኝ።

ሳንባውን መቀቀል ለጣዕም አይደለም። በታረደ እንስሳ ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለው የውሃ ከረጢት የሚመስል እብጠት ወደ ውሻ ሆድ ሲገባ ትል ይሆናል፣ የትሉም እንቁላል በኩስ አማካይነት ወደ ሰውና ወደ በግ ይመለሳል። በግ በሚበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጾም ወራትም ሳንባ ስለማይገኝ አስቀድሞ ቀቅሎ በስሱ ከትፎ ማድረቅ ያዋጣል።

ቦታም ራሱ ያግዛል ወይም ያከብዳል። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ በዚህ ሥራ የታደለ ነው፤ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ሌላ ውሻ ከሁለትና ከሦስት መቶ ሜትር ስለሚታይ ባለቤቱ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ከጣርማ በር ወዲያ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ወይም በአንኮበር ቁልቁለት ግን መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ውሻ በእጥፋቱ ጀርባ ድንገት ብቅ ይላል፣ ዞር የሚባልበት ቦታም የለም። በዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ማሠልጠኛ ቦታውን በጥንቃቄ መምረጥ አለበት፤ ሰፊ የአውድማ ቦታ ወይም ከገበያ ቀን ውጭ ባዶ የሚሆነው የገበያ ሜዳ ይሻላል።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር የመጡ የውሻ ማሠልጠኛ ምክሮች ለእኛ የማይበቁበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። እነዚያ ምክሮች ሌላው ውሻ በገመድ የተያዘና ባለቤቱ አጠገቡ ያለ እንደሆነ አድርገው ይነሣሉ። በሰሜን ሸዋ ግን የእኛ ውሻ ታስሮ ሳለ የሚመጣው ውሻ ልቅ ነው፤ ይህም ሁሉን ይለውጣል። የተወጠረ ገመድ የታሰረውን ውሻ አንገት ሽቅብ ስለሚይዝ ደረቱን የገፋ ያስመስለዋል፣ ለሚመጣውም ልቅ ውሻ የጠብ መልእክት ይሆናል። ስለዚህ ገመዱ ሁለት ሜትር ገደማ ሆኖ ልል መያዝ አለበት፣ ውሻውም ከሰውየው ጎን እንጂ ከፊት መሆን የለበትም።

ልቅ ውሻ ሲመጣ የአገራችን ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ጎንበስ ይላል። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ማለቱ ብቻ ብዙውን ውሻ ይመልሳል፤ በዚህ ምድር ያለ ውሻ ሁሉ ጎንበስ ያለን ሰው ትርጉም ያውቃልና። ነገር ግን በገመድ የያዝነውም ውሻ ያንኑ ያውቃል። ጎዳና ላይ ድንጋይ ሲወረወርበት የኖረ ውሻ ጌታው ጎንበስ ሲል ድንጋዩ ለእርሱ የመጣ ይመስለዋል፤ በአንድ ጊዜ ከፊቱ ሌላ ውሻ ከጎኑ ድንጋይ አንሺ ይሆንበታል። ዳማ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል እንኳ መሬት ላይ ትለጠፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ቀና ብዬ በሁለቱ ውሾች መካከል መቆም፣ ዱላዬን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ መንገዱን መከለል፣ በድምፅም ጠንከር ብዬ «ሂድ!» ማለት ነው። ይህ ካልበቃ በኪሴ ካለው ደረቅ እንጀራ እፍኝ ያህል ወደሚመጣው ውሻ ወርውሬ እርሱ ሲለቅም እኛ እንርቃለን። ውሻ ካጠቃህ ለምን ታበላዋለህ የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ርቀት የገዛሁበት ዋጋ ነው እንጂ ሽልማት አይደለም።

ሰዓትን መምረጥም ርቀትን መምረጥ ነው። ማለዳ ቆሻሻ በሚወጣበት ሰዓት፣ በገበያ ቀን፣ በበዓል ማግስትና ሴት ውሻ ለመሰረር በደረሰችባቸው ሦስት ሳምንታት ገደማ ወንዶቹ ተከታትለው በሚዞሩበት ጊዜ ፈሪ ወይም ተናካሽ ውሻን ይዞ መውጣት ያለ ምክንያት ፈተና ውስጥ ማስገባት ነው። የሴት ውሻን ነገር ለመቀነስ ማምከን ይረዳል፤ የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ሁሉ ሊጠየቅ ይገባዋል። ትናንት የተናከሰ ወይም ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ ሳይተኛ ያደረ ውሻም ዛሬ ማረፍ አለበት፤ ድንጋጤው ከአካሉ ሳይወጣ በላዩ ሌላ ድንጋጤ ከተጨመረ ትናንት በሃያ እርምጃ የቻለውን ዛሬ በሃምሳም አይችለውም።

ብዙ ባለቤቶች ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የሚያነሡት አንድ ሥጋት አለ፤ ውሻው ከሌሎች ውሾች ጋር ከሰከነ ቤት መጠበቁን ይተዋል ብለው ይፈራሉ። ጅብ ከተማ ድረስ በሚገባበት፣ የበግ ጉሮኖም ሌባ በሚፈራበት አገር ሥጋቱ ሊናቅ አይገባውም። መልሱ ግን በራሳችን ተረት ውስጥ አለ፤ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንላለን እንጂ ባለፈበት ሁሉ ይጮሃል አንልም። ጥበቃ ከቦታ ጋር የተያያዘ ነው። በመንገድ ላይ የሰከነ ውሻ በበሩ ሲመጡበት መጮሁን አይተውም፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ በአጥሩ ሥር ላለፈ ውሻ ሁሉ ሲጮህ የዋለ ውሻ ሌሊት የሚጮኸውን ጩኸት ጎረቤትም ባለቤትም አያምኑትም። ቀን በአጭር ሰንሰለት አሥሮ ሌሊት ወደ መንገድ መልቀቅ የተለመደውም በዚሁ የጥበቃ ሐሳብ ነው። ሰንሰለቱ ሽሽትን ስለሚከለክል ቀኑን ሁሉ ቁጣ ያከማቻል፤ ሌሊት ሲለቀቅ ያ ቁጣ በሰፈሩ ውሾች ላይ ይወርዳል። ግቢው አጥር ካለው ሌሊት በግቢው ውስጥ ይለቀቅ፤ ከሌለውም በሁለት ምሰሶ መካከል በተዘረጋ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ማሰሪያ ለመራመጃ ቦታ ይሰጠዋል። አጥሩ ላይ ያለ ቀዳዳም ይደፈን፤ ሌላው ተረታችን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላልና።

ቤት ውስጥ ቀድሞ ሌላ ውሻ ካለ፣ ሁለቱን በነባሩ ግቢ ማገናኘት ስሕተት ነው። ማንም ቤቴ በማይለው ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ሁለቱን ይዘው በአንድ አቅጣጫ፣ ጎን ለጎን፣ በመጀመሪያ ራቅ ብለው ይራመዱ፤ ቀስ በቀስም ይቀራረቡ። ለሳምንታት ምግባቸው በተለያየ ቦታ ይሰጥ፣ አጥንትም በመካከላቸው አይጣል። ጠብ ከተነሣ እጅን በመካከል ማስገባት ባለቤቱን ራሱን ያስነክሳል፤ ባልዲ ውኃ ማፍሰስ፣ ብርድ ልብስ መጣል ወይም ሰሌዳ መሰል ነገር በመካከል ማስገባት ይሻላል። አፉን የሚከልል ቅርጫት መሰል መሸበቢያ ማላመድም አሳፋሪ ነገር አይደለም፤ ውሻው በውስጡ መተንፈስና ውኃ መጠጣት እስከቻለ ድረስ ለሁሉም እፎይታ ነው። ዱላ ግን አያስተምርም። ሌላ ውሻ በታየ ቁጥር የሚመታ ውሻ ሌላ ውሻ ማለት ሕመም ማለት እንደሆነ ይማራል፤ አንዳንዱም ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያጠፋና ሳይጮህ መንከስ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን የእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ ነው። ታሪኩ የማይታወቅ ውሻ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሆን አለበት፤ በሽታው ከንክሻ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይታይ ስለሚቆይ በመጀመሪያው ጊዜ ከሌሎች ውሾችና ከሕፃናት ለይቶ መከታተል ይገባል። ሰላማዊ የነበረ ውሻ በድንገት ጠበኛ ከሆነ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ አቅቶት ለሐጩ ከተዝረከረከ ይህ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ሳይነካው ለሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ተነካሹም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጸበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላልና። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። በየከተማው የሚታየው በመርዝ የማስወገድ ልማድ ይህን አያመጣም፤ የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ይሞታል፣ በተለቀቀው ቦታ ደግሞ ያልተከተቡና እርስ በርስ የማይተዋወቁ ውሾች ይገባሉ፣ ጠቡም እንደገና ይጀምራል።

በመንዝ ነገሩ ከውሾችም ያልፋል። የመንዝ ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ሣር ምድር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይም ይገኛል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ናቸው ተብለው ከሚገመቱት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮ ለውሻ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ብዙ የውሻ በሽታ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። በጓሳ ዳር ያለ እረኛ ከጎዳና ያነሣውን ውሻ ለበጎቹ ጥበቃ ሊያሰማራ ሲያስብ ርቀት ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፤ ውሻው የተከተበና ሲጠራ የሚመለስ እስካልሆነ ድረስ ከቤት ዳር ቢቀር፣ ወደ ሣሩ ምድርም ባይወጣ የሚጠቅመው ለሁለቱም ወገን ነው።

ዳማ አሁን ከሌላ ውሻ ጋር በአሥር እርምጃ ርቀት ትተላለፋለች። ከጎረቤታችን ከአንዱ ሸምገል ካለ ወንድ ውሻ ጋር በአጥር በኩል አፍንጫ ለአፍንጫ ይሸታተታሉ፤ ከእርሱ በቀር ወዳጅ የላትም፣ እኔም ሌላ አልፈለግሁላትም። በገበያ ቀን አሁንም በወንዙ በኩል ዞረን እንሄዳለን።